የአሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ ወሬ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

የጎረቤቴ ጉልበት እንደገና አብጧል። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ፣ "ይህ እግር የኔ አይደለም፣ ሰው ያዋሰኝ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድልኝ" አለች። ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ፣ አትውረጂ ብሏታል። ልጇ በሰላም ተገላግላለች። ሕፃኗ ሴት ናት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል። ስም ግን እስካሁን የላትም... አባትየው ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። "በዚህ አያያዙ ልጅቷ ራሷ አድጋ ትመርጣለች" አለችኝ። ታናሽየው ወንድ ልጇ ደግሞ ጢም አሳድጓል፣ አያምርበትም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከበራችን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ነው። የቀረውን ሥራ ቦታ ጨረሰችልኝ።

ሥራ እንደ ወትሮው። ካርድ ክፍል፣ አራት ሴቶች፣ አራት ኮምፒውተር። የሆስፒታሉን አሮጌ የበሽተኛ ካርድ እያየን ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። አንዱ ካርድ አሥር ገጽ። ገጹን ሞልቶ "አስቀምጥ"ን መጫን... ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ባዶ ገጽ ይመጣል። እንደገና መጻፍ። ዛሬ እኔ 138 ካርድ። ጎረቤቴ 70።

ወሬዋ ነው የሚያዘገያት። ምን ይደረግ... እወዳታለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አለቃችን የሳምንቱን ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጠፈ። (ፊት ለፊቱ "እርስዎ" ነው የምለው፤ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል።) "መቶኛ" ነው የምንለው። ያለ መቶኛ አይናገርም። እንዴት አደሩ ሲሉት "ሰማንያ አምስት በመቶ ደህና" የሚል ሰው ነው። ሌላ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሚስት ይኑረው፣ ልጅ ይኑረው፣ ስድስት ዓመት አብረነው ሠርተን አናውቅም።

አንደኛ እኔ። ይኸው ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ፎቶዬም "የወሩ ብርቱ እጅ" ከሚል ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል፣ አንድ ዓይኔ በግማሽ ተጨፍኖ። ቢሆንም ደስ ይላል። ሁለተኛ ቀጭኗ፣ ሦስተኛ ሙሽራዋ (ያገባችው ባለፈው ወር ነው)፣ መጨረሻ ጎረቤቴ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "ወሩ ሲያልቅ መጨረሻ የወጣችው ወደ ምድር ቤት መጋዘን ትዛወራለች" አለ። መጋዘኑ እኮ አርባ ሁለት ደረጃ ነው! በቀን ስንት ጊዜ ካርድ ተሸክሞ መውጣት፣ መውረድ... በዚያ ጉልበት?

ጎረቤቴ ሳቀች። "እሰይ፣ እዚያ ወሬ የሚሰማኝ አይጥ አይጠፋም" አለች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ትንፍሽ አላለችም። አራት ፌርማታ ሙሉ! ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። "እቴ፣ እስቲ ወሬ ቀንሺ። ለጉልበትሽ ስትይ።"

"እሺ" አለች። እሺ ብቻ። እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ... ምን አጠፋሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ሻርፗን አፏ ላይ ጠምጥማ ተቀመጠች። ሙሽራዋ "እትዬ፣ ጥርስዎን አመመዎት እንዴ?" ብትላት በእጇ ተዪኝ አለቻት። ክፍሉ ሬሳ የወጣበት ቤት መሰለ። ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ ጨነቃትና ስለ ቤት አከራይዋ ለብቻዋ ማውራት ጀመረች። የሚመልስላት ጠፋ።

ማታ ተቆጠረ። የጎረቤቴ... ሰባ። ልክ ሰባ! ስታወራም ሰባ፣ ዝም ስትልም ሰባ። ታዲያ ምንድን ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ልታስከትብ ሄዳ እስከ ምሳ አልነበረችም። የኔ ስክሪን ገመዱ ተበላሸና በሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ስድስት ሰዓት... 34 ካርድ። እኔ! "የወሩ ብርቱ እጅ"! ሰባ መድረስ ሲገባኝ!

መጀመሪያ የታመምኩ መስሎኝ ግንባሬን ነካሁ። ትኩሳት የለም። እጄን አየሁት። ያው እጄ ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር ታዘብኩ። ሳላውቀው ለሙሽራዋ የባለቤቴን የሆድ ሕመም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግሬያታለሁ። ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የኮምፒውተር ጠጋኛችንን ያዝኩት። "ጋሽ ብሎን" ነው የምንላቸው፤ ሲሠሩ ብሎኖቹን በከንፈራቸው ይይዛሉ፣ ከዚያው ሳያወጡ ይናገራሉ።

"ጋሼ፣ የጎረቤቴ ኮምፒውተር ከኔ ይዘገያል እንዴ? በምን ይታወቃል?"

"ሁለት መኪና ልታወዳድሪ ብትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሻጩን እጠይቃለኋ።"

"ሻጩማ ሁለቱም አንበሳ ናቸው ይልሻል። አንድ ሾፌር፣ አንድ መንገድ፣ እኩል ጭነት። መኪናውን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ሌላ ነገር አብረሽ ከነካካሽ የቱ እንዳሸነፈ አታውቂም።"

ይህማ ቀላል ነው አልኩ። ነገ አሳያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

አምስት ካርድ መረጥኩ። ሾፌሯ እኔ። በኔ ኮምፒውተር ጻፍኳቸው፤ 14 ደቂቃ። ጭነቱ እኩል እንዲሆን ያንኑ አምስት ካርድ ይዤ ወደ ጎረቤቴ ኮምፒውተር ሄድኩ፤ 9 ደቂቃ! ከኔ ይፈጥናል!

ተነሥቼ አወጅኩት፤ "ያንቺው ይበልጣል! ምንም አልሆነም!" ምሥራች የነገርኳት መስሎኝ።

ጎረቤቴ ስክሪኑን አየች፣ እጇን አየች። "እንግዲያው እኔ ነኛ" አለች። ቀስ ብላ።

ምን አለ አፌን በቆረጠው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጋሽ ብሎን ሲሰሙ ሳቁ። ብሎን ሊውጡ ነበር።

"እነዚያኑ ካርዶች ደግመሽ? አራቱም ኮምፒውተሮች እኮ የሚያስቀምጡት አንድ ቦታ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትጽፊ በሽተኛው ተመዝግቦ ቆየሽ። ሁለት ፊደል ስትመቺ አሥሩንም ገጽ ራሱ ሞላልሽ፣ ለአንድ ካርድ አንዴ ብቻ ነው ያስቀመጥሽው። አልታዘብሽም?"

"ደስ ብሎኝ ነበራ።"

"ሁለተኛዋ ተፈታኝ ከመጀመሪያዋ ወረቀት ገልብጣ ነው ያለፈችው።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን በከንቱ አስለቀስኳት። (አላለቀሰችም። ግን ያው ነው።)

እንግዲህ ጣትሽንም ተዪው አሉኝ። ጣት ይደክመዋል፣ ይለምዳል። ጥበቃውን ብቻ ለኪ፤ "አስቀምጥ"ን ከተጫንሽበት ባዶው ገጽ እስኪመጣ። በየኮምፒውተሩ አሥር ጊዜ፣ በአዲስ ካርድ፣ ገጹም ያው እኩል የተሞላ። የመጀመሪያውን ጣይው፤ ኮምፒውተርም እንደ ሰው ሲነቃ ይደናበራል። ዘጠኙን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪ፣ መሃለኛውን ያዢ።

"ደምሬ ለዘጠኝ ባካፍለውስ?"

"አንዷ ከወሰለተች ሁሉንም ታበላሽብሻለች። መሃለኛው አይሸወድም።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በስልኬ ሰዓት ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። ባለቤቴን ለካሁት። "ምግብ ቀርቧል" ስለው "መጣሁ" ካለበት ጠረጴዛ እስኪደርስ። ቁርስ ላይ 11 ደቂቃ፣ ምሳ ላይ 14፣ እራት ላይ 40። ማታ ኳስ ነበር። ደምሬ ባካፍል ሃያ ሁለት ሊጠጋ ነው፣ ይህ ደግሞ ግፍ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። መሃለኛው 14። ትክክለኛው ባሌ እሱ ነው። ጋሽ ብሎን እውነታቸውን ነው።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?" አለኝ።

"ምንም። ብላ።"

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ለካሁ። በምሳ ሰዓት፣ አራቱንም፣ አንድ በአንድ። ማንም እንዳያናግረኝ በሩ ላይ ወንበር ደገፍኩ።

የኔ 2 ሴኮንድ። የቀጭኗ 4። የሙሽራዋ 5። የጎረቤቴ... 19።

አላመንኩም። ደግሜ ለካሁ። 19።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለእያንዳንዱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ። እጇን አጣጥፋ ስትጠብቅ ምን ታድርግ? ያቺን ክብ እያየች ትዙር? ዞር ብላ "ሰማሽ? ልጅቷ ጡት ያዘች" ትላለች። ገጹ ይመጣል፣ ትጽፋለች፣ ትጫናለች፣ "አባትየው ግን አሁንም ስም አላገኘም..." እኛ ደግሞ ስለምታወራ ትዘገያለች እንላለን። ስለምትዘገይ ነው እንጂ የምታወራው! ማክሰኞ ለት እኔም የባሌን ሆድ ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ስነግራት እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ፣ "እኔ ደግሞ አርጅቼ መስሎኝ..." አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ግን ለራሴ ካልዋሸሁ ለማን ልዋሽ... አይ፣ እንዲያውም ለራሴም አልዋሽ።

ጋሽ ብሎን ከጎረቤቴ ጠረጴዛ ሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ሳጥን ሊከፍቱ መጡ። መጀመሪያ ያነሡት ዳንቴሉን ነው። የኔን ዳንቴል። አምና አቧራ እንዳይገባበት ብዬ የሠራሁላት፣ ጽጌረዳ ያለበት፣ ሳጥኑን ከአናቱ እስከ ጀርባው የሚያለብስ። ለሌሎቹ አልሠራሁም። ለሷ ብቻ።

"ይህን ካፖርት ማን አለበሰው? ብርድ መታው እንዴ?"

ቀጭኗ ወደኔ አየች። ሙሽራዋ ወደኔ አየች።

መተንፈሻው ታፍኗል። ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ቀስ ያደርጋል አሉ። እስኪበርድ ጠብቀን ያለ ዳንቴል ለካን፤ 14። እሳቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ አያምኑም፣ መልሰው አልብሰውት እስኪግል ጠብቀው ለኩ፤ 19። የቀረው ሌላ ነው። የሷ ኮምፒውተር የዛሬ ሁለት ዓመት ተበላሽቶ በአሮጌ ዕቃ ነው የተጠገነው። ሜሞሪው ከኔ በግማሽ ያንሳል፣ ዲስኩም ያረጀ ነው።

አምስቷ ሴኮንድ ግን የኔ ናት። በአሥር ገጽ፣ በሰባ ካርድ... ማታ ባለቤቴ በስልኩ አባዛልኝ። በቀን ሃምሳ ስምንት ደቂቃ። በፍቅሬ ምክንያት።

ወደ ቤት ስንሄድ "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? ጉልበቴን እኮ እሱ ላይ አስደግፌ ነበር የማሞቀው። ክረምቱን ያወጣኝ ያንቺ ዳንቴል ነው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ሳቅን ሳቅን፣ ሰው ዞሮ እስኪያየን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ለመቶኛ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ሥራ በዛ... ሐሰት። ፎቶዬን አየሁት። ሁለት ሴኮንድ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ማን አንደኛ አይወጣም?

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ነገርኩት። ቁጥሮቹን በወረቀት ሰጠሁት። አየና መለሰልኝ።

"አራቱም በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው። አራቱም ጥቁር ናቸው። መቶ በመቶ እኩል ናቸው።"

"ጥቁርነታቸውንማ ማን ካደ፣ ጌታዬ። አንዱ ግን..."

"ሰነፍ ሠራተኛ ዕቃ ያመካኛል።"

ተናደድኩ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይቀመጡበትና ይሞክሩት። አምስት ካርድ በሷ፣ አምስት ካርድ በኔ። ካልተለየ ምድር ቤት እኔ እወርዳለሁ" አልኩ።

አፌ! አርባ ሁለት ደረጃ! እኔስ ጉልበት የለኝም?

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ተቀመጠ። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። አሥር አዲስ ካርድ፣ አምስት አምስት፣ ውፍረታቸው እኩል። ጋሽ ብሎን ሰዓት ያዙ። በዳንቴሉ ነው እንዳይባል እሱ እቤቴ ነው።

መጀመሪያ በጎረቤቴ ኮምፒውተር። ገጽ አንድ፣ ጻፈ፣ ተጫነ። ክቧ ዞረች። መቶኛ ቀጥ ብሎ ጠበቀ። ገጽ ሁለት። ጠበቀ። ገጽ አምስት ላይ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። ገጽ ስምንት ላይ ጣሪያውን አየ። ሁለተኛው ካርድ ሲጀመር ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዛሬ ነፋስ አለ" አለ።

እርስ በርስ ተያየን። ያለ መቶኛ!

ሦስተኛው ካርድ ላይ "እናንተ ቤት አማት አለ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም ሳይመልስለት ገጹ መጣ፣ ጻፈ፣ ተጫነ፣ ወደኛ ዞረ። "የኔ አማት ለሁለት ሳምንት ብለው መጡ። ሰባት ወራቸው ነው።" ጻፈ፣ ተጫነ። "መኝታዬን ያዙ። እኔ ሶፋ ላይ ነኝ።" ጻፈ፣ ተጫነ። "ሶፋው አጭር ነው። እግሬ ይተርፋል።" ሙሽራዋ አፏን ይዛ ወጣች። ጎረቤቴ ግን ወንበሯን ሳበች፣ ተጠጋችው፤ "ሚስትዎስ ምን ይላሉ?" አለችው፣ እንደ እህት። አምስተኛው ካርድ እስኪያልቅ ሚስቱ ያለችውን ሁሉ ሰማን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ኮምፒውተርም ያወጣል ለካ።

29 ደቂቃ።

ከዚያ በኔ ላይ። አምስት ካርድ፣ 19 ደቂቃ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጊዜ አልነበረውማ።

ጋሽ ብሎን ሁለቱን ወረቀት ፊቱ አስቀመጡ። "በዚያኛው ጥበቃው ብቻ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው" አሉት። መቶኛ ለረጅም ጊዜ አየው። "ከመቶ አርባ አንዱ" አለ ቀስ ብሎ። ቀና ብሎ ጎረቤቴን አያት። "እትዬ... ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠሩት?"

"ኧረ ምንም አይደል። አማትዎን ግን አንድ ነገር ይበሏቸው።"

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ጋሽ ብሎን የመቶኛንም ኮምፒውተር ለኩት። 1 ሴኮንድ! ከሁላችንም ይበልጣል። "ምን ይሠሩበታል?" አሉት። መቶኛ አሰበ። "መቶኛ አሰላበታለሁ" አለ።

የሱ ሜሞሪ ግማሹ ወጥቶ ለጎረቤቴ ገባ። "ለኔ ሃምሳ በመቶ ይበቃኛል" አለ። ዲስኩንም ከዕቃ ቤት በተገኘ አዲስ ቀየሩላት። ለካን። ይህ የኛ ክፍል እንግዲህ ሳይለካ አያምንም። 2 ሴኮንድ።

ጎረቤቴ ተጫነችና ልማዷ ነውና ወደኔ ዞረች። አፏን ስትከፍት ገጹ መጣ። ዘጋችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ዝርዝሩ ወጣ። ጎረቤቴ በቀን 142። እኔ 138።

አንደኛ እሷ። ፎቶዋ ተሰቀለ፤ ሲያነሡዋት እያወራች ስለነበር አፏ ተከፍቷል። የኔን ይዤው መጣሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቀናሁ? ትንሽ። እስከ ምሳ።

ስለ ምድር ቤት የሚለው መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ሙሽራዋ መጨረሻ ናት፣ ብትጠይቀው፣ "መጀመሪያ የእርስዎና የቀጭኗ ኮምፒውተሮች ይስተካከሉ፣ ከዚያ እናወራለን" አላት። እናወራለን አለ! መቶኛ!

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ቁልፍ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ... እንደ ዝናብ። የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ስም ማን እንዳሏት እንኳ አላውቅም። ሳምንት ሆነ። ሥራው ሄዷል፣ ጉልበቷም ቀሎላታል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ዛሬ ደግሞ አማካሪ ሆንኩ። ከምሳ በኋላ ከመድኃኒት ክፍል አንዲት ሴትዮ መጣች። ሁለት ኮምፒውተር ሊገዙ ነው፣ ሻጩ የአንዱ የፍጥነት ቁጥር ይበልጣል ብሏል፣ የቱን እንምረጥ አለችኝ። እኔን! "ቁጥሩን ተዪው እህቴ፤ የራሳችሁን ሥራ ይዘሽ ሂጂና በሁለቱም ላይ አሠሪ፣ ጥበቃውን ለኪ" አልኳት። ወረቀት አውጥታ ጻፈችው።

መውጫ ላይ መቶኛ በሩ ጋ ቆመ። "አማቴ ሄዱ" አለ።

"መቶ በመቶ?" አልኩት።

"ዘጠና። ሻንጣቸው ቀርቷል።"

ማታ ጎረቤቴ መጣች። ባለቤቴ በር ከፈተላት፣ ሰላም እንኳ አላለችውም፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። "ውኃ ስጪኝ፣ ከዚያ አታቋርጪኝ፤ ካለፈው ሰኞ ነው የምጀምረው፣ በቅደም ተከተል" አለች። የሳምንቱን በሙሉ አወረደችው። ልጅቷ ስም ወጥቶላታል፣ ጢሙ ተላጭቷል፣ ቀጭኗ ቤት ልትቀይር ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀች። ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆመችና እንዲህ አለች፤

"አንቺ፣ እኔ እኮ ሥራ የምሄደው ለወሬ መስሎኝ ነበር። ካርድ ለመጻፍ ኖሯል!"